ቁጥር ስላልተመታባት የከሰል ጣሳ ለንጹሕ አየር ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሃርላን ፔቲቦን
የሳንታ ኦሊንዳ አውራጃ የንጹሕ አየር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም የተከበሩ ባለቤትዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ ሳንባችሁም እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ ልናጸዳላችሁ ከደከምንለት አየር እስኪጠግብ እንዲስብ ከልብ እመኛለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። የጻፍኳቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች መልስ ያላገኙት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ይህኛውን ጎረቤቶችዎም አንብበው እንዲያግዙዎ በጋዜጣ ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

ኢዳሊና ፉርታዶ እባላለሁ። በአልሞንዳ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ቤልሚሮ ደግሞ አርባ ዓመት የሰው ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው። ግራ ዐይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ለማትረፍ በየአራተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ አርባ አንድ ማይል ርቆ ባለ ክሊኒክ ዐይኑ ውስጥ መርፌ ይወጋ ነበር። ከአልሞንዳ የሚነሳው አውቶቡስ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ስለሚሄድ፣ የሚያደርሰን በእሱ ስም የተመዘገበው የ1997 ሥሪት ፒክአፓችን ነበር። ምስጋናዬ የሚነሳውም ከዚህችው መኪና ነው።

አንደኛ፣ የካቲት ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ስንቀርብ ፒክአፓችን የቤንዚን ተን እንደምታፈስ ስለነገራችሁን እናመሰግናለን። ልክ ነበራችሁ፤ ጥፋቱም የራሳችን ነበር። እኛ የሸለቆው ሰዎች ቤንዚን ስንቀዳ ማሽኑ ቶክ ብሎ ሲቆም አንቆምም፤ ሒሳቡ ሙሉ ቁጥር እስኪሆን እየጨመቅን እንጨምራለን። መካኒካችን አቶ ፋይ ቫንግ ቱቦዎቹ ውስጥ ጭስ ነፍቶ መፍሰሻውን ሲፈልግ፣ ተኑን ይዞ እንዲያስቀር ከቤንዚን ሳልቫትዮው አጠገብ የተሰቀለው፣ ከሰል የታጨቀበት ጣሳ በቤንዚን ርሶና ተሰንጥቆ አገኘው። «ቤልሚሮ፣ ከሰሉን እኮ ቤንዚን አጠጣኸው! ቶክ ሲል በቃኝ ማለቱ ነው፤ ጨምርልኝ አይደለም» አለው። ቤልሚሮም «ታዲያ አርባ ዶላር ከሦስት ሳንቲም ብዬ ልክፈል? ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ሦስታችንም ስቀን ነበር፤ አዲስ ጣሳ ገዝተን የምንገላገል መስሎን ነበርና።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ፋብሪካው ያንን ጣሳ መሥራት ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አቶ ቫንግ አራት ወር ፈልጎ፣ ሌላ ድርጅት የሠራውን አንድ አዲስ ጣሳ አግኝቶ ገጠመልን። ጭሱን ደግሞ ቢነፋው አንዲት ክር እንኳ አላፈሰሰም። ከዚያ በኋላ የቀረው የመኪናይቱ ኮምፒዩተር ራሱን እንዲፈትሽ መጠበቅ ነበር። እሱም እንደ እናንተ ነው፤ ካልተመቸው አይሠራም። ቤንዚኑ ከሩብ እንዳያንስ፣ ከሦስት ሩብ እንዳይበልጥ፣ መኪናይቱም ሙሉ ሌሊት ቆማ በቀዝቃዛ ጠዋት እንድትነሳ ይፈልጋል። በሐምሌ እኛ ሸለቆ ውስጥ ቀዝቃዛ ጠዋት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ስላለው ምናልባት አይታወቅዎ ይሆናል። ስለዚህ የሰባ አራት ዓመት ባሌን ይዤ የአጎቱ ልጅ ወዳለበት ተራራ ወጣሁ፤ ሦስት ሌሊት አድረን፣ በአራተኛው ጠዋት ኮምፒዩተሩ ደስ አለውና አለፈ። ቤልሚሮ ዳሽቦርዱ ላይ ብልሽት የምትናገረው ያቺ ቢጫ መብራት አለመኖሯን በራሱ ዐይን አይቶ ጨበጨበ።

ሦስተኛ፣ ስለ መርማሪዎ ጨዋነት ሳላመሰግን አላልፍም። ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ያንን ጣሳ ዙሪያውን ካየ በኋላ «ወይዘሮ፣ መኪናዎ ንጹሕ ነው። ጣሳው ላይ ግን የፈቃድ ቁጥር አልተመታበትም፤ ስለዚህ ወድቋል» አለኝ። አቶ ቫንግ ዝም የሚል ሰው አይደለምና «ወንድሜ፣ አየሩን የሚያቆሽሸው ቤንዚኑ ነው ወይስ ቁጥሩ?» ሲል ጠየቀው። መርማሪዎ ለጥያቄው የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ ስላላገኘ «ወድቋል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሰጠኝ።

አራተኛው ስለ ዝርዝራችሁ ነው። ቁጥር ያለው ጣሳ የትም ከሌለ ጽሕፈት ቤትዎ ዕቃው እንደማይገኝ አረጋግጦ የይለፍ ወረቀት እንደሚሰጥ ሰማሁና ደወልኩ። ወይዘሪት ኮሬታ የምትባል ሠራተኛዎ ዝርዝሩን አይታ፣ አንድ ጣሳ ዊሎ ፎርክ ከተማ ባለ የመለዋወጫ መደብር እንዳለ አበሠረችኝ። መደብሩ ከተዘጋ ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ አሁን ጥፍር ቀለም የሚቀባበት ቤት እንደሆነ ብነግራት «ወይዘሮ፣ ዝርዝሩ አለ ካለ አለ ማለት ነው። ሄደው ቢያዩትስ?» አለችኝ። «ቦሎ በሌለው መኪና በምኔ ልሂድ?» ስላት «እሱን እንኳ እኔ አላውቅም» አለች፤ ድምጿ ግን በጣም ትሁት ነበር። የጥፍር ቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ሆና «እዚህ ጥፍር እንጂ የመኪና ዕቃ የለም» ብላ ፈርማ በፖስታ ላከችልኝ። ወረቀቷን ግን፣ ፈራሚዋ የተመዘገበች የመለዋወጫ ነጋዴ አይደለችም ብላችሁ መለሳችሁት። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ደግሞም አሮጌ መኪና እየገዛችሁ ስለምትጨፈልቁበት ፕሮግራም ላመስግንዎ። አቶ ቫንግ በራሱ መኪና ወደ መጨፍለቂያው ግቢ ወሰደን። እኛ የያዝነው ዓይነት ፒክአፕ አሥራ አንድ ተደርድሮ አገኘን፤ ቤልሚሮ በዚያች በቀረችው ዐይኑ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አቶ ቫንግ ከሥራቸው ገብቶ ቢያይ፣ ስድስቱ ፋብሪካው የሠራው፣ ቁጥሩ የተመታበት፣ ደህና ጣሳ ነበራቸው። ባለግቢውን ብንለምነው «ኧረ በእናታችሁ! ከእነሱ ላይ አንዲት ብሎን ብፈታ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ሁሉም እንዳለ ይጨፈለቅ ነው የተባልኩት» አለን። በእርስዎ ትእዛዝ ከእኔ የሚፈለገው ጣሳ፣ በእርስዎው ትእዛዝ ዐይናችን እያየ እንደ ወረቀት ሲጨማደድ ቆመን ተመለከትን። ክቡር ሆይ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ በንዴት አለቀስኩ፤ ይህንን ለመደበቅ ምክንያት አይታየኝም።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ጥቅምት ወር ነው። ቦሎ እስክናገኝ እንድንነዳበት የተሰጠን ጊዜያዊ ፈቃድ ነሐሴ ላይ አልቆ ነበር። የመስከረሙን መርፌ አቶ ቫንግ ጋራዡን ዘግቶ አደረሰን። በጥቅምቱ ሳምንት ግን እናቱን ይቀብር ነበር፤ በወገኖቹ ወግ ቀብር አራት ቀን ይፈጃል፤ ሰውን ከእናቱ ሬሳ ላይ አስነስቼ ሹፌር ላደርገው ደግሞ አልደፈርኩም። ስለዚህ ራሴ ነዳሁ። ክሊኒኩ ለመድረስ ዘጠኝ ማይል ሲቀረን ፖሊስ አስቆመን። «እናቴ፣ አዝናለሁ። ቦሎው ካለፈ ሰባት ወሩ ነው፤ ከስድስት ካለፈ ማስጎተት ግዴታዬ ነው» አለኝ። ቤልሚሮ ቀጠሮውን የያዘችውን ካርድ አውጥቶ ቢያሳየውም መኪናይቱ ተጎተተች፤ እኛም መንገድ ዳር ቀረን።

ክሊኒኩ ሌላ ክፍት ቀን የነበረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ዐይኑ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሐኪሟ «ወይዘሮ ፉርታዶ፣ የሄደውን መመለስ አልችልም» አለችኝ። አሁን የዐይኑ መካከል ጨልሞ፣ ቤልሚሮ በጎን በኩል ብቻ ጥላ ያያል። ፊቴን ለማየት ወደ በሩ ማየት አለበት፤ ያኔም የሚያየው ጆሮዬንና ፀጉሬን ነው። ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ፊቴን የወሰዳችሁበት ለአንድ ቁጥር ነው። ለዚህ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

በአውራጃችን ያለው አየር ቁጥር ከሌላት ንጹሕ ጣሳችን እስከ ዛሬ ድረስ በሚገባ ተጠብቆ የሚገኝ መሆኑን እየገለጽኩ፣ በሥልጣንዎ ያሰንብትዎ፣ ዝርዝርዎንም ይባርክልዎ ዘንድ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ኢዳሊና ፉርታዶ፣ አልሞንዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ዕቃው እንደማይገኝ አረጋግጣችሁ የሰጣችሁን የይለፍ ወረቀት በፖስታ ደረሰን፤ ደስታችንን ገምቱት። የሚጸናው ግን መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው ዘጠኙንም ገጽ፣ ሌላ ሰው ሳያነብለት፣ ራሱ ማንበቡን በፊርማው ሲያረጋግጥ ነው ተብሎ መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እስክሪብቶ አስይዤ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፍኩለት። ቤልሚሮ «ምን ይላል፣ ኢዳ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ራስህ አንብበው ይላል» አልኩት።