የማዳምሽ ውሻ ሰባት ቤት

ለምወድሽ እህቴ ሊዲያ፣

ሰላምታችን ከአቃቂ ተነስቶ ቤይሩት በጤና ያግኝሽ። እማዬም እኔም ደህና ነን፤ ያለ አንቺ ግን ቤቱ ሰፍቶናል።

ከደወልሽ አምስት ወር ቢሆንም፣ ስለ ማዳምሽ ትንሽ ውሻ በቴሌግራም የጻፍሽው ደርሶናል። ለእማዬ አነበብኩላት። ቺዋዋ የሚባለው ዘር መነሻው ሜክሲኮ መሆኑን፣ ቅድመ አያቶቹን የጥንት ሰዎች ያረቧቸው ነበር መባሉን፣ በኋላም መንገደኞች እየገዙ ሲወስዱት በገዙበት አውራጃ ስም መጠራቱን በጥሞና ሰማች። የትውልድ ወረቀቱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል ስላት ግን፣ «ኧረ ጉድ! ለማን ሊድሩት ነው?» ብላ ከልቧ ሳቀች።

ሳቋ ሲያበቃ፣ «ስለ ራሷስ ምን አለች?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ ናፍቃችሁኛል ብላለች» አልኳት። ይህን ከራሴ ጨመርኩ።

ሱቁ ደህና ነው። ሰው ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየገባ ስለሆነ የበር ቁልፍና ማጠፊያ ጥሩ ይሸጣል።

የውሻው ወረቀት ማዳምሽ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ጽፈሻል። እኔ ደግሞ ለወረዳ ጉዳይ ያንቺ ፓስፖርት አስፈልጎኛል። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አታንሺው፤ በእጅሽ ያዥው፣ ጣቶችሽም ይታዩ። ወረዳው ይህን አይጠይቅም፤ ፓስፖርቱ አንቺው ዘንድ መሆኑን ለማየት የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። እማዬም እጅሽን እንኳ ብታይ ደስ ይላታል።

ገብርኤል በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ።

ናፋቂ ወንድምሽ የሺዋስ