እትዬ ቁጭ፦ ውሻንና ጌታውን ያግባቡ እህታችን

ሁላችንም እትዬ ቁጭ የምንላቸው ታላቅ እህቴ ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሳሉ የጥበቃ ውሾቹን አሠልጣኝ አገቡ፤ ሙያውንም ከእሳቸው ተማሩ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ቀኑን ሙሉ «ቁጭ!» ሲሉ ስለሚውሉ ስሙ ወጣላቸው። ውሻው ቶሎ ቁጭ ይላል፤ ያስቸገራቸው የውሻው ጌታ ነበር። «ልጄ፣ በአፍህ ና እያልከው በእጅህ ታባርረዋለህ፤ ምን ያድርግ?» ይሉ ነበር። ውሻ ጆሮውን ሲያጥፍ፣ አፉን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር መናገሩ ነው ብለው ስንቱን ትልቅ ሰው ገሠጹ! ማንም አልተቀየማቸውም።

በሽታ የሚባል አያውቃቸውም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እኔን በመላጣዬ ሲያሾፉብኝ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ከዚያ ይህ ዱብ ዕዳ!

ከሥልጠናዎቻቸው አንዱ መውደቅ ነበር። እሳቸው የታመሙ መስለው ይወድቃሉ፤ ሰው አይነቃነቅም፤ ውሻው አጠገባቸው ሄዶ ይጮኻል። ያን ቀን ሲወድቁም ሠልጣኞቹ እንደ ደንቡ ቆመው አዩ። የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ውሻ ሮጣ ደረሰች፤ አሸተተቻቸው። አልጮኸችም። ተመልሳ የእመቤቷን ቀሚስ ጎተተች። መምህርቷ ትምህርቱ ጠፋት ብለው «ቁጭ!» አሏት። ቁጭ አለች። ወዲያው ተነሥታ እያለቃቀሰች ደግማ ጎተተች። «ቁጭ አልኩ እኮ!» አሏት። አሁን ግን እምቢ አለች፤ ቀሚሱን ቀደደችው። መምህርቷ ያኔ ደንግጠው «ወይኔ፣ እየነገረችኝ ነው!» ብለው ሮጡ።

ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሆስፒታል በሕይወት አይደርሱም ነበር ሲሉ ሐኪሞቹ ነገሩን። ልጆቻቸው ደረሱላቸው፤ እጃቸውን ይዘው ተነጋገሩ፤ ተሰነባበቱ። ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ማመን ያቃተኝን እኔን ወንድማቸውን ትተዋል።

ስለ ቀሚሱ ስንነግራቸው የመለሱት የመጨረሻ ቃላቸው ሆነ፤ «አደራ፣ ማንም እንዳይቆጣት።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ያሳርፍ፤ የልጆቻቸውንም እንባ ያብስ።