እህቴን ያልገደልክባቸው አስራ አንድ ቅዳሜዎች

ውድ ጋሽ ቀያሽ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ሰውም ይህን ያህል ሥርዓት ያውቃል። በልቤ የጠራሁህን ብጽፈው እናቴ ጫማዋን አውልቃ ታሳድደኝ ነበር።

ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ አላነሳህም። አስረኛውን በጎሚስታው አለቃዬ ስልክ ደወልኩ፤ አነሳህ፤ ድምፄን ስትሰማ «መስመሩ አይሰማም» ብለህ ዘጋኸው። መስመሩማ ይሰማ ነበር። እንዲያውም ከኋላህ አንዱ «ሜትሩን ያዝልኝ» ሲልህ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ወረቀት አይሰማም አይባል።

እናቴ «ስትጨርስ ታነብልኛለህ» ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። እሷም እንዲገባት የምታውቀውን ነገር ደግሜ ብነግርህ ታገስ። ዓመት ሙሉ ዋሽቶ ፊቱ ያልጠቆረ ሰው ለትንሽ ገጽ መታገሥ አያቅተውም።

እህቴ ከመሰላል ስትወድቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እየዘረጋች ነበር። ዳሌዋና አንድ እግሯ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከስብራቱ ይብሳል፤ ሰው ሁሉ ክፍሏ በር ላይ ሲደርስ ድምፁን መቀነስ ጀመረ። አክስታችን «አይዞሽ» ሳትል ውሃ እንኳ አታቀብላትም። እህቴ አንድ ቀን ግድግዳ ግድግዳውን እያየች «‹አይዞሽ› የሚለውን ቃል ከምድር የሚያጠፋልኝ ወንድ ባገኝ አገባዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም አላለችም።

ያንን ነው በስልክ የነገርኩህ። ሳቅህ፤ ከዚያ ዝም አልክ። ያን ዝምታ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። «ያን የኢንተርኔት ጨዋታህን አምጣላት፣ እሞትልሃለሁ» ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ። አመጣህላት። ለዚያ አመሰግንሃለሁ፤ ምስጋናዬም እዚሁ ላይ አለቀ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንተ በከተማህ፣ ወዳጃችን ልብስ ሰፊው በሱቁ፣ እኔና እህቴ በቤታችን ሆነን አንድ ገጽ እንከፍታለን። ጠረጴዛችን እሱ ነው። አንተ የሳልከው ካርታ ይመጣል፤ ዋሻው፣ ወንዙ፣ ድልድዩ። ያልደረስንበት ቦታ በጥቁር ጭጋግ ተሸፍኗል፤ ጭጋጉን የምትገልጠው አንተ ነህ። እያንዳንዳችን ካርታው ላይ ጠጠር የምታክል ምስል አለችን፤ እየጎተትን እናንቀሳቅሳታለን። እሷ ቀስተኛ፣ ልብስ ሰፊው ሐኪም፣ እኔ ሌባ። (ምን ልሆን ኖሯል?) የቀረው ፍጥረት ሁሉ፣ ተኩላውም ሽፍታውም ግዙፉም፣ አንተ ነህ። ማን ማንን እንደመታ የሚወስነው ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ነው፤ ቁልፉን ስንጫን ኮምፒውተሩ ይጥለዋል። ጠላት ከአስራ አራት በላይ ከጣለ መታን ማለት ነው። የኛን ሁሉም ሰው ያያል። የጨዋታው መሪ ያንተ ግን ስውር ነው፤ ቁጥሩን የምታየው አንተ ብቻ ነህ። «መታሽ» ካልክ መታት፤ «ሳተሽ» ካልክ ሳታት። እኛም አመንን።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ታስታውሳለህ? ድልድዩ ላይ ግዙፉ ሲመጣባት «ይሄ ምን ዓይነት የደደብ ድልድይ ነው!» ብላ ስትጮህ እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ልጇ ከወደቀች ጀምሮ ጮኻ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ማንም ድምፁን አይቀንስላትም ነበር። ልብስ ሰፊው «አንቺ ፈሪ፣ ወደፊት!» ይላታል፤ እሷም «አንተ መርፌህን ያዝ!» ትለዋለች። አክስቴ መጥታ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ስትላት «እኔን ነው? ድልድዩን ብቻዬን ይዤ የወጣሁትን?» አለቻት። አክስቴ እናቴን ወደ ጓዳ ጎትታ «ይቺ ልጅ የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ክራንቹንም ያነሳችው ያኔ ነው። እግሯን የሚያለማምዳት ሐኪም «ዛሬ አምስት እርምጃ» ሲላት «ያ ግዙፍ ያልጣለኝን አምስት እርምጃ ይጥለኛል?» ብላ ሰባት ሄደች። በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባት።

ከዚያ አንተ ስጦታ ልስጥ አልክ።

ጠረጴዛችን ዓመት ሲሞላው የተጻፈውንና የተጣለውን ሁሉ በአንድ ፋይል አውርደህ «የዓመት ማስታወሻችን» ብለህ ላክህልን። ጋሽ ቀያሽ፣ የሰው ድንበር በሴንቲሜትር ትለካለህ፤ ይህን ግን አልለካኸውም። እኛ ተጫዋቾች ብናወርደው የሚወርደው ያየነው ብቻ ነው። ባለቤቱ ሲያወርደው ግን ስውሩም አብሮ ይወርዳል። እኔ ያው ፋይል ማንበብ አይሆንልኝም፤ የራሴን ሞት አንብቤ ስቄ ተኛሁ። እህቴ ግን እርሳስ ይዛ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀመረች።

በሳምንቱ ሁላችንም ስንገባ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

«ቀያሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድልድዩ ላይ ልሞት አንድ ምት ሲቀረኝ ግዙፉ አስራ ዘጠኝ ጥሏል። ‹ሳተሽ› ብለሃል። ተኩላዎቹ ጋ አስራ ስምንት። ‹ሳተሽ›። እንዲህ ያለ አስራ አንድ ቦታ አገኘሁ። ምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊው ቀድሞህ ሳቀ።

«አይ እናንተ! ይሄ የዚያ ቀላማጅ ሥራ ነው እንጂ! ፋይሉን ነካክቶት ነው። ፍየሏን ረሳችኋት?»

አዎ፣ ፍየሏ የኔ ናት። ካርታ እንዳግዝህ ፈቃድ የሰጠኸኝ ሰሞን ዘንዶው ከዋሻ ሲወጣ ፍየል ሆኖ እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ወድቋል። አንተም ፈቃዱን በዚያው ቀን ነጠቅከኝ፤ ይገባኛል።

«እኔ?» አልኩ። «እኔ እኮ ፈቃድ የለኝም! ጋሽ ቀያሽ፣ ንገራት እንጂ!»

አንተ ጉሮሮህን ጠረግህና «እስቲ... እሱን ነገር እንተወውና ጨዋታችንን እንቀጥል» አልክ።

እንተወው! ጎማ ስጠግን ሚስማሩን ሳላወጣ «እንተወውና እንንፋው» ብል አለቃዬ በቁልፍ ራሴን ይለኛል። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብህ። «እኔ ነኝ» ለማለት ዲግሪ አይጠይቅም፤ ዲግሪ ደግሞ አለህ። አንተ ግን ተንኮለኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው አጠገብህ ስላገኘህ ሸክምህን ጫንክበትና አቧራህን አራግፈህ ሄድክ።

እህቴ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን «ለልጅሽ መስኮቱን እንዲዘጋ ንገሪው» ትላለች። እናቴ በመሃላችን እንደ ስልክ ሠራተኛ ሆነች። ክራንቾቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ቀርተዋል። ሐኪሙ መጥቶ «እንሞክር?» ሲላት «እርስዎም ይቆጥሩልኛል፤ ሦስት ሄጄ ሰባት ይላሉ» ብላ ፊቷን አዞረች። ይህን ስሰማ ጓዳ ገብቼ የያዝኩትን ብርጭቆ ሰበርኩት። እናቴ «አመለጠኝ» ማለቴን አላመነችም።

አየህ ያደረግከውን? ድልድዩን ብቻ አይደለም የወሰድክባት። ሰባቱንም እርምጃ ወሰድክባት። አሁን የሠራችው ነገር ሁሉ የሰው ምጽዋት ይመስላታል።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግክ ሳስብ ከረምኩ። እኔን ሦስት ጊዜ ገድለኸኛል፤ ሦስቴም አዲስ ሌባ ይዤ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። አንዴ እንዲያውም ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ! «ሌባው ሞተ» ስትል ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም፤ ልብስ ሰፊውን ስትገድለውም ያው ነው። ለእሷ ብቻ ነው የምትስተው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ሐዘኔታ ከሆነ ደጃችን በሱ ሞልቷል፤ ካንተ የሚመጣ ተጨማሪ አንፈልግም። ፍቅር ከሆነ ደግሞ አፍ ተሰጥቶሃል፤ አንተ ሰውዬ፣ በተኩላ መላክ ምን አመጣው?

አሁን ደግሞ ልጽፈው የማልፈልገውን ልጻፍ። ጨዋታውን ስለምንህ «ለመጀመሪያው ሳምንት ራራላት፣ እንዳትገድላት» ብዬሃለሁ። ብያለሁ። ካንተ ጋር ስጣላ ይህን እየዋጥኩ ነው የተጣላሁት። ሳምንት አልኩ እንጂ ዓመት አልኩ? ግን በሩን በትንሹ የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። ይህን እሷ አታውቅም ነበር።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ወረቀቱን እህቴ አልጋ ጫፍ ላይ «ረሳሁት»። ተንኮል አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተንኮል ነው። ለምሳ ስመለስ ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነበር።

«ቁጭ በል» አለችኝ። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያዋ ቃል።

ተቀመጥኩ።

«አንተ አለመሆንህን በማግስቱ ነው ያወቅኩት።»

«ምን? እንዴት?»

«አንተ ተንኮል ሠርተህ ሁለት ደቂቃ ሳትስቅ ቆይተህ ታውቃለህ? ዓመት ሙሉ?»

«ታዲያ ለምን ዘጋሽኝ እትዬ?»

«ተናድጄ ነበር። ቅርብ የነበርከው ደግሞ አንተ ነህ። እሱን ከዚህ ሆኜ በጥፊ አልደርስበት።»

«እኔ ታዲያ የሰው ጥፊ...»

«ዝም በል! ‹ራራላት› ያልከው አንተ አይደለህም?»

ትራሱ ፊቴ ላይ አረፈ። የተሰበረው እግሯ ነው፤ ክንዷ እንዳለ ነው። ከዚያ ከመሳቢያዋ አንዲት ሰማያዊ ዳይስ አወጣች፤ በእጅ የሚጣል፣ ከመጫወቻ ዕቃ ሻጭ የገዛሁላት። ፋይሉንም ከፈተች።

«አስራ አንዱንም በተራ እጥላለሁ። በግልጽ። ከአስራ አራት በላይ ከመጣ ሞቻለሁ።»

«ተይ እንጂ እትዬ፣ ምን...»

«እየራራህልኝ ነው?»

አፌን ያዝኩ።

ድልድዩ። ስድስት። ተኩላዎቹ። አስራ አንድ። እናቴ ምንም ሳይገባት በሩን ይዛ ቆማለች። ገደሉ ጋ የነበረው ሽፍታ። ዳይሱ ትሪው ላይ ተንከባሎ፣ ተንከባሎ፣ አስራ አራት። «አስራ አራት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለች እናቴ። «ጥሩ ነው እማዬ፣ ለጥቂት!» አልኩ።

አራተኛው የተቃጠለው ቤት ነው። አስራ ሰባት።

ዳይሱን አንስታ ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ሞትኩ» አለች።

ዓይኗ ሞላ። ዓመት ሙሉ የኖረቻት ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ወር፣ ያገኘችው ሁሉ፣ ያሸነፈችው ሁሉ፣ የለም ማለት ነው። ልናገር ስል እጇን አነሳችና ከለከለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረች።

«ሦስቱን ግን አልፌያለሁ። አየህ አይደል? ማንም ሳይደግፈኝ። ሦስቱ የኔ ናቸው።»

ጋሽ ቀያሽ፣ አስራ አንድ ሰጠኻት፤ አንዱንም አልያዘችውም። ሦስት ራሷ አገኘች፤ ከእጇ የሚነጥቃት የለም። ይህ ካልገባህ ያ ዲግሪህ የግድግዳ ቀዳዳ ይሸፈንበት።

የክራንቹን ነገር ገና አላነሳንም። ላንተ ብዬ አላሳምረውም።

አሁን ትእዛዙን ስማ፤ የሷ ነው፣ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። ቀስተኛዋ ሞታለች፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንቀብራታለን። አዲስ ጠረጴዛ ከፍታለች፤ መሪዋ እሷ ናት። ስውር ውርወራ የሚባለውን አጥፍታዋለች፤ የግዙፉም የተኩላውም ቁጥር ለሁሉም ይታያል። ልብስ ሰፊው ለቀብሩ ጥቁር ኮት እሰፋለሁ ብሏል፤ ካሜራ እንደሌለን ማን ይንገረው? አንተ ከዜሮ የሚጀምር ተራ ተጫዋች ሆነህ ትመጣለህ። ከሁሉ በፊት ግን ማይክህን ትከፍትና «እኔ ነኝ» ትላለህ፤ መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ ልብስ ሰፊውም እየሰማ። «መስመሩ አይሰማም» ብትል መሬት የምትለካበት ቦታ ድረስ መጥቼ ጆሮህ ላይ እጮሃለሁ፤ የጎማ መንፊያም ይዤ ነው የምመጣው።

ስለ ፍቅር የጻፍኩትንም አንብባዋለች። ምንም አላለችም። ሁለት ጊዜ ግን አንብባዋለች። እዚያ ውስጥ አልገባም፤ አንድ ጊዜ ገብቼ ያየሁትን አይቻለሁ።

አልታረቅኩህም። ቅዳሜ መጥተህ እንደ ሰው ስትናገር ከሰማሁ አስብበታለሁ፤ እስከዚያ ሰላምታዬን ላንተ ሳይሆን ለሜትርህ አቅርብልኝ።

የሟቿ ወንድም፣
ጎማ ጠጋኙ