በቀይ የከበብኳቸው ሦስት ረግረጎች

ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የተከበሩ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ጭቃ ነክቶት ለማያውቀው ጫማዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ አምና በሥነ ሕይወት ተመርቄ ከቢሮዎ ደጃፍ ያልጠፋሁ ወጣት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የቀደሙት አራት ደብዳቤዎቼ መዝገብ ቤት ከገቡ ወዲህ የበላቸው ጅብ ስላልጮኸ ነው። ምስጋናዬ እነሆ።

1. የመመረቂያ ጥናቴን ሥራ ላይ ስላዋሉልኝ አመሰግናለሁ። ከኮረብታው ግርጌ ካለው ጫካ ውጭ የትም ያላገኘናት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ እንቁራሪት በሦስት ረግረጎች ብቻ እንደምትራባ ጽፌ፣ እንዲጠበቁ ሦስቱንም ካርታ ላይ በቀይ ከብቤ አስረክቤ ነበር። ቢሮዎ ካርታውን ሳይውል ሳያድር ለመንገድ ሥራ ክፍል አስተላለፈው። ሁለቱ ረግረጎች በደረቁ ማግስት ስደርስ የቁፋሮ ማሽኑ ሾፌር፣ «ወንድሜ፣ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? ቀይ ያለበት ውሃ ያቆረ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አድርቅ ተባልኩ፤ አደረቅኩ» አለኝ። እንዲህ በፍጥነት የተተገበረ ጥናት ዩኒቨርሲቲያችን አያውቅም።

2. ከጭቃው የተረፉትን፣ ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች በባልዲ አስመጥተው ግቢዎ ውስጥ ባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ስላኖሯቸው አመሰግናለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የነገራት ሰው የለምና፣ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዷ በረኪና ጨመረችበት። በሻይ ሰዓት ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፍፈው ነበር። ለቅሜ በጋዜጣ የጠቀለልኳቸው እኔ ነኝ፤ ስልሳ ሦስት ነበሩ። ክቡርነትዎ በዚያው ሳምንት እዚያው ፏፏቴ ፊት «ብዝኃ ሕይወትን እንታደግ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶው ያምራል።

3. ሦስተኛው ረግረግ እስካሁን አለ። ማሽኑ ዳር ላይ ቆሟል፤ ሐሙስ ይጀምራል። ትናንት ከዝናቡ በኋላ ሄጄ አዳመጥኩ፤ ሦስት ወንድ እንቁራሪቶች ብቻ ይጣራሉ። አምና በዚህ ወቅት ከብዛታቸው የተነሣ መቁጠር አቅቶኝ ነበር። ማሽኑን የሚያስቆመው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ አንድ መስመር ይበቃል።

የሪባን መቁረጫ መቀስዎ ሳይደንዝ፣ እስክሪብቶዎም እስከ ሐሙስ ቀለም ሳያልቅበት እንዲሰነብቱ የሚመኝልዎ፣

በማያልቅ አክብሮት፣
ካርታውን የሠራው

ማስታወሻ፦ የዚህችው እንቁራሪት ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ መቀጠሬን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ዛሬ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ የምጀምረው በመጪው ወር መጀመሪያ ነው ይላል። ካልፈረሙ፣ ምኗን እንደምጠብቅ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ቢያክሉልኝ።