ጠርገን ስላስረከብነው ደን

ለወንዝ ዳር ደኖች ጤና ግምገማ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የምጠይቀው የእርስዎን ጤንነት ነው፤ የደናችንንማ «እጅግ ጤናማ» ብለው በማኅተምዎ ስላረጋገጡልን መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይሆንብኛል።

እኔ ከድልድዩ በታች ያለው ሠፈር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ፤ መተዳደሪያዬ ሰዓት ሠሪነት ነው። የማቀርባቸው ቅሬታዎች ግማሾቹ እኔኑ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. ገምጋሚዎችዎ እንደሚመጡ አስቀድመው ስላስታወቁን እናመሰግናለን። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤቱን የማይጠርግ የለምና፣ እኔም ሠፈርተኛውን አስወጥቼ ደኑን አስጠረግኩ። የወደቁትን ግንዶች ለዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ሰጠን፤ የረገፈውን ቅጠል ሰብስበን አቃጠልን፤ ቁጥቋጦውንና ከዛፎቹ ሥር የበቀለውን ችግኝ «አረም ነው» ብለን መነጠርን፤ የቀሩትንም ዛፎች እስከ ደረታቸው ድረስ ኖራ ቀባን። ቤቷ በወንዙ አፋፍ ላይ ያለው ታላቅ እህቴ በአጥሯ በኩል ብቅ ብላ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ደኑን እየጠረጋችሁት ነው ወይስ እየላጫችሁት?» ብትል፣ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍሪን» ብዬ በሰው ፊት ዝም አሰኘኋት። ሊያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ለእኔ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

፪. ገምጋሚዎችዎ ጫማቸውን ጭቃ ሳያስነኩ ሥራቸውን ድልድዩ ላይ ቆመው ስለፈጸሙም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አንዷ ባልደረባቸው ወርዳ አፈሩን ለማየት ብትነሣ፣ አለቃዋ «ተይው እባክሽ፣ ሁሉም ከዚህ ይታይ የለም እንዴ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ንጹሕ ደን የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው መለሷት። እኛም አጨበጨብን፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእኔ ጭብጨባ ነበር። ባልደረባቸው ወርዳ ቢሆን ኖሮ ጎርፉን የሚያዘገይ ግንድ፣ አፈሩን የሚይዝ ቁጥቋጦ፣ ነገ አሮጌዎቹን ዛፎች የሚተካ ችግኝ አለመኖሩን ታይ ነበር። ያን ጊዜ ግን አለቃዋን በልቤ መረቅኳቸው፤ ኖራው ገና አልደረቀም ነበርና።

፫. ውጤታችን ተነግሮ ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጣለ። ወንዙ የተላጨውን አፋፍ ሸርሽሮ የእህቴን አጥርና የጓሮ ማዕድ ቤቷን ይዞ ሄደ፤ አሁን ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ሥር ደርሷል፤ ዋናው ዝናብ ደግሞ ገና አልገባም። አፋፍ በድንጋይና በችግኝ ወደሚያስደግፈው ክፍልዎ ሄጄ ብማጸን፣ በመስኮቱ በኩል ያስተናገዱኝ ሠራተኛ ፈገግ ብለው «አባቴ፣ እርዳታው ለታመመ ደን ነው። ሰው ጤነኛ ነህ ተብሎ ያለቅሳል እንዴ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እሳቸው የተናገሩት ደንቡን ነው፤ ደንቡ የቆመው በውጤታችን ላይ፣ ውጤታችን ደግሞ በእኔ መጥረጊያ ላይ ነው።

እህቴ እስከ ዛሬ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ዕቃዋን ወደ እኔ ቤት ስናሸጋግር ጎረቤቶች ቢያጉረመርሙ፣ «ተዉት ወንድሜን፣ ለእንግዳ ክብር ብሎ ነው» አለቻቸው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ነው፤ የሰጡንን ማዕረግ ይውሰዱልን። ደኑ ታሟል። ያሳመምኩት እኔ ነኝ፤ ገምጋሚዎችዎን ያታለልኩትም እኔ ነኝ፣ ምንም እንኳ ለመታለል ያሳዩት ትብብር የሚመሰገን ቢሆን። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን፤ ድንጋዩና ችግኙ ግን ዋናው ዝናብ ሳይገባ ለእህቴ ቤት ይድረስ።

ላልተገባን ክብር ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በታላቅ ትሕትናና ከዚያም በበለጠ ኀፍረት እሰናበታለሁ።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በጋዜጣ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የሠፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ቀጥሎ የሚገመገመው ከእኛ በታች ያለው ሠፈር መሆኑን ሰማሁ። የኮሚቴያቸው ሰዎች ከእኛ ልምድ ሊቀስሙ ትናንት መጥተው ነበር። «እባካችሁ ደኑን አትንኩት» ብዬ ብለምናቸው፣ «አያ ብልጥ፣ አንደኝነቱን ለብቻህ ልትይዘው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የእርስዎን ማኅተም አመኑ። ዛሬ ጠዋት ኖራ ሲበጠብጡ አይቻቸዋለሁና እንኳን ደስ ያለዎ፤ ሌላ «እጅግ ጤናማ» ደን ሊያገኙ ነው።