ሃያ አራት ሜትር አቡጀዲ

ልጄ አብራር፣ አላህ በየብስም በባሕርም ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ቆሰበር ዝናቡ ገብቷል፤ የአባትህ ጉልበት ግን እንደዚያው ነው።

ከዒድ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። እህትህ አፊያ ስለ መርከብህ ከኢንተርኔት አነበበችልኝ። መጀመሪያ ዓሣ ማጥመጃ ነበረች አሉ፤ የባሕር ጥናት መሣሪያ የገጠሙላት በኋላ ነው። ዕድሜዋ ካንተ ይበልጣል፣ ሞተሯ አንድ ብቻ ነው፣ ርዝመቷ ሃያ አራት ሜትር። ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ ልየው ብዬ ሱቃችን በር ላይ አቡጀዲ ዘርግቼ ለካሁ። አንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳን አልፈጀችም። በዚህች ነው ውቅያኖስ ላይ የምታድረው?

እያለቀስኩ አቡጀዲ ስለካ ያየ ጎረቤት ሁሉ ለከፈን መስሎት «ማን ሞተ?» እያለ መጣ። መርከብ ነው የምለካው ብላቸው ማንም አላመነኝም። ሱቁን ዘጉልኝ፣ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሼኹም መጡ። አሁንም ተቀምጠዋል።

አፊያ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ መሬት በሰላም ያስረግጥህ። ኔትወርክ ስታገኝ ደውልልኝ፣ ልጄ። ድምፅህን ላሰማቸውና ወደየቤታቸው ይሂዱ፤ እኔም ከመሃላቸው ልነሣ።

እናትህ መሪማ