በሩስተም ሬሳ ፊት ያልኩት

ለወንድሜ ለሰብሪ፣

ሰላምታው ይከተላል፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላርም። በሩስተም ቀብር ላይ አብዳ ጮኸች፣ ሬሳው ላይ ተፋች ያሉህ ውሸት ነው። አልጮኽኩም። በኤዲርኔ የመምህራን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ ሴቶች መትፋትን አላስተማሩኝም። ያልኩት ሁለት ቃል ነው፤ እሱንም ክፍል ውስጥ ስም በምጠራበት ድምፅ።

አሁን እንደምን ከርመሃል? የካርስ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ነርሚንን ሳሉ ለቀቃት? ልጆቹስ? አንተ በእስያው ጫፍ ከበረዶ ጋር፣ እኔ በአውሮፓው ዳር ከባሕር ነፋስ ጋር፤ አገሩ አንድ ሆኖ ደብዳቤ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። እኔ ደህና ነኝ። ዛሬም ያለ መነጽር በመርፌ ክር አስገባለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ሬሳው በመስጊዱ ግቢ በሬሳ ማሳረፊያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኢማሙ እንደ ልማዱ «ሟቹን እንዴት ታውቁታላችሁ?» አለ። «በደግነቱ!» አሉ። «ሐቃችሁን አውፍ ትሉታላችሁ፣ የበደላችሁን ይቅር ትሉታላችሁ?» ሲል ሁሉም «ብለናል!» አሉ። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ «እኔ አላልኩም» አልኩ። ኢማሙ ያልሰማ መስሎ ደግሞ ጠየቀ፤ ደገምኩለት። ሦስተኛም እንዲሁ። የሩስተም ሚስት ሀዲዬ ዞራ፣ «አንቺ የደረቅሽ፣ ለሬሳ እንኳ አታዝኚም?» አለችኝ። «ለሬሳው አዝኛለሁ፤ ሰውየውን ግን አውቀዋለሁ» አልኳት። ከኋላዬ አንዷ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

የዛሬ አርባ ዓመት፣ ማሳው ሲወሰድብን፣ አንተ ወታደር ነበርክ፣ እኔ ትምህርት ቤት። መሬት ለኪዎቹ መጥተው የወይራው ማሳ የማን ነው ሲሉ፣ የማሳ አዋሳኛችን ሩስተም ቁርኣን ላይ እጁን ጭኖ «የአባቴ ነው» አለ። እናታችን በገዛ እጇ የተከለቻቸውን ሠላሳ አንድ ዛፎች! ፊደል አታውቅም፤ ጣቷን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አስረገጧት። ያን ክረምት ዳቦዋን በዘይት ፈንታ በውሃ እያራሰች በላች። ጸደይን አላየችም።

ከቀብሩ በኋላ የሩስተም ልጅ ነጃት የለቅሶ ጣፋጭ፣ ሐልዋ፣ ይዞ መጣ፤ ሳህኑን እንደ ሞላ መለስኩት። በማግሥቱም መጣ። «እትዬ ሙነቨር፣ እርስዎ አስተምረውኛል፤ አባቴ በሕልሜ እየመጣ ይጣራል» አለኝ። «ይጣራ፤ እኔ አርባ ዓመት ስጣራ አልሰማም» አልኩት። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ቢለኝ፣ «አባትህ በሰው ፊት የዋሸውን አንተ በሰው ፊት አቅናው» አልኩት። ይሄኔ ነው ዞሮ አንተን አውፍ ለማስባል ወረቀት የላከልህ።

ሳትፈርም መጀመሪያ እኔን መጠየቅህ ደግ አደረግህ። «በሞተ ሰው ቂም አይያዝም» ያልከውን ግን አልቀበልም። እኔ ቂሙን የያዝኩት በሕይወት ሳለ ነው፤ ስለ ሞተ የት ልጣለው?

ያንተ መልስ ሲዘገይበት፣ የአባቱም አርባ ሲቃረብ፣ ነጃት ተሸነፈ። ዛሬ ጌሊቦሉ ከተማ ወርደን ማሳው በአንተና በእኔ ስም ዞረ። ነገ አርባው ነው፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዚያው ግቢ ቆሞ ይናገራል። ሀዲዬ «ማሳው ይበቃታል፤ ባሌን በአደባባይ አታዋርድብኝ» ብላ ልካብኝ ነበር። አይበቃኝም። ሩስተም በሐሰት መማሉን ከገዛ ልጁ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

የዛፎቹ ሐቅ ያንተና የእኔ ነው፤ እሱን አውፍ እለዋለሁ። የእናታችን ክረምት ግን የእኔ አይደለም፤ የማልሰጠው ለዚህ ነው። ራሱ ይጠይቃት፤ አሁን የመቃብር ጎረቤት ናቸው።

ነርሚንን ዝንጅብል በማር ጠጪ በላት። ቱራንን ሳምልኝ፤ ሲጋራውን ይተው። የትንሿ ጉልሱም ደብዳቤ ሦስት ስሕተት ነበረው፤ አርሜ በዚህ ፖስታ መልሼላታለሁ። ለአማትህ እጅ ነሥቻለሁ።

ነገ ጎሕ ሳይቀድ እነሣለሁ። ጥቁር ካፖርቴን እቦርሻለሁ። ማንም ሳይደርስ ሄጄ ግቢው ውስጥ ከፊት እቆማለሁ። ነጃትን እሰማለሁ፤ አንዲት ቃል ከዋጠ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። ሲጨርስ አንድ ጊዜ ብቻ «ብያለሁ» እላለሁ። ከዚያ ቅርጫቴን አንሥቼ ወይራ ለቀማ እወጣለሁ። አቋራጭ አለ፤ እኔ ግን በሀዲዬ ደጅ በሚያልፈው መንገድ ነው የምሄደው።

እኅትህ ሙነቨር
ቺናርዴሬ፣ ጌሊቦሉ
ኖቬምበር 16 ቀን 1972